የአንደኛ ክፍል ግድግዳ

በዚያ ቀን ጠዋት ወንድሜ «መስኮት» የሚለውን ካርቶን በሩ ላይ ሰካው። «በር» የሚለውን ጥቁር ሰሌዳው ላይ፣ «ጣራ» የሚለውን ደግሞ ልጆቹ በሚቀመጡበት የጭቃ መደብ ላይ አደረገና እጁን አራግፎ ወጣ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አየው ነበር። ደህና ነበር። ሳል እንኳ አልነበረውም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ሰዎች ለቅሶው ላይ «ቀድሞም ፊቱ ገርጥቶ ነበር፣ ያስታውቅ ነበር» ሲሉ ስለሰማኋቸው ነው። ውሸታቸውን ነው። አልገረጣም። ማንስ ቀና ብሎ አይቶት ያውቃል?

ወንድሜ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ጫፍ ላይ ነው፤ አራት ክፍል፣ አንድ ቢሮ፣ አንድ የእንግዳ ክፍል። እኔ ደሴ አሥረኛ ክፍል ነበርሁ። ተማሪው አድማ መትቶ ትምህርት ሲቋረጥ እሱ ዘንድ መጣሁ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። እናትና አባታችን ሞተዋል፤ ያሳደገኝ እሱ ነው። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም። ልጽፍ የተነሳሁት ስለ ክፍሉ ነው።

እሱ ወደዚያ ሲመደብ ክፍሉ ውስጥ የነበረው አንድ የተቀደደ የፊደል ገበታ ብቻ ነው። ልጆቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ ድምፅ ይጮኹታል። ጩኸቱ ከመንገድ ይሰማል፤ የሰማውም ሁሉ «ጎበዝ አስተማሪ መጣ» ይላል። አንድ ቀን ወንድሜ ከመካከል «ረ»ን ጠቁሞ ይህ ማነው አላቸው። አንደኛው ከ«ሀ» ተነስቶ በጣቱ እየተከተለ፣ እያዜመ፣ ወርዶ ወርዶ ደረሰበት። ሌላውም እንዲሁ። ፊደሉን አያውቁትም። የሚያውቁት የት እንደተቀመጠ ነው።

ያኔ ነው ከባለ ሱቆች የሳሙና ካርቶን እየለመነ መቁረጥ የጀመረው። ጥላሸት በጥብጦ የዕቃውን ሁሉ ስም በትልልቁ ጻፈና በአጋም እሾህ ጭቃው ላይ ሰካው። በሩ ላይ «በር»፣ መስኮቱ ላይ «መስኮት»። ልጆቹ ወዲያው ለመዱት፤ እሱም ደስ አለው። አንድ ቀን ግን ነፋስ ካርቶኖቹን አወረዳቸውና ዘበኛው እንዳገኘ መልሶ ሰካቸው። ዘበኛው ማንበብ አይችልም። ልጆቹ መጥተው በሩ ላይ የተሰካውን «መስኮት» በር ብለው አነበቡለት። ሁሉም። አንድ እንኳ የተጠራጠረ የለም። «ያን ቀን ምሳ አልበላሁም» ብሎ ነግሮኛል። «ለካ የሚያነቡት ግድግዳውን ነው፤ ጽሑፉን አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ቀድሟቸው እየገባ ሁሉንም ያዘባርቀዋል። የልጆቹ የመጀመሪያ ሥራ እያነበቡ ወደየቦታው መመለስ ነው። እኔ እዚያ በነበርሁበት ጊዜ ያን ሰዓት አሳልፌ አላውቅም። ይጋፋሉ። ይሳሳቃሉ። አንዱ ሳያይ መደቡ ላይ ከተቀመጠ ሌላው ይጮህበታል፦ «ተነስ አንተ! ጣራ ላይ ነህ፤ ትወድቃለህ!»

የከተማው ሰው ይህን ሲሰማ ምን አለ? ሳቀ። ጠላ ቤት ውስጥ መሳቂያ አደረጉት። «እናንተዬ፣ ይሄ አስተማሪ በርና መስኮት አይለይም እኮ!» እኔን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ «ወንድምህ ዛሬ በየት በኩል ወጣ? በመስኮት?» ይሉኛል። እሱ ሲሰማ ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር። አሁንም አልስቅም። ማን ማን እንደነበር አውቃለሁ።

ዓመቱ የራብ ዓመት ነበር። በልግ አልዘነበም፤ ከዚያ በፊት የነበረውም መኸር ጠፍቷል። ከቆላው ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ትምህርት ቤቱን ታኮ ያልፋል፤ ከእኛው አካባቢ የሚወጣውም እየበዛ ሄደ። ክፍል ውስጥ የሚተኙ ልጆች ነበሩ። ወንድሜ አይቀሰቅሳቸውም።

በዚያው ወቅት ሌላ ነገር ጀመረ። በየቀኑ አንድ ልጅ ያስነሳና «አንድ ነገር ንገረኝ» ይለዋል። ልጁ የተናገረውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ካርቶን ላይ ይጽፍና በልጁ ቁመት ልክ ይሰካዋል። ትልልቅ ነገር አልነበረም። «ዛሬ ባቄላ በላሁ።» «አጎቴ ጥሩምባ አለው።» «ላማችን ሞተች።» «ዝናብ መጣ። ሄደ።» ልጁ የራሱን ቃል ስለሚያውቀው ያነበዋል። ቀጥሎ የጓደኛውን ለማንበብ ይሄዳል፤ ምን ብሎ ይሆን ብሎ። እዚያ ላይ ነበር ነገሩ። ሰው የሌላውን ጓዳ ማወቅ ይወዳል፤ ልጅም ያው ነው። ፊደል ሲጠፋው ባለቤቱን ይጠይቃል። ባለቤቱም ይኮራል። በዚህ ዓይነት በፋሲካ ሰሞን ግድግዳው ከመደቡ እስከ መስኮቱ ድረስ ሞልቶ ነበር።

የሄዱት ልጆች ግን አሉ። ቤተሰባቸው ተነቅሎ ወደ ደሴ፣ ወደ ወረኢሉ፣ ወዴትም የሄደ። «ዝናብ መጣ። ሄደ።» ያለው ልጅ ከእነሱ ነው። ካርቶኑ እዚያው ነበር። ቦታቸው ባዶ ሆኖ ቃላቸው ተሰክቶ ቀርቷል፤ የቀሩትም ልጆች ያነቡታል።

ዳይሬክተሩ ይህን ግድግዳ ጠላው። ጢሙን በየቀኑ የሚላጭ፣ ኮቱን ለፀሐይ የማያወልቅ ሰው ነው። በመጀመሪያ ያለው «ድምፅ የለም» ነበር። «በዚህ በኩል ሳልፍ ድምፅ አልሰማም። ሌሎቹ ክፍሎች ያስተምራሉ፤ ያንተው ክፍል ምን ይሠራል?»

«ያነባሉ» አለው ወንድሜ።

«አፋቸውን ዘግተው?»

በኋላ ግን ወደ ካርቶኖቹ ተጠግቶ አነበበ። ወንድሜ እንደነገረኝ፣ ረጅም ጊዜ ወስዶ ነው ያነበበው። ከዚያ «ላማችን ሞተች» የሚለውን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ «ይህን አውርደው» አለ።

«ልጁ ያለውን ነው የጻፍሁት።»

«ልጅ ያለው ሁሉ ይጻፋል እንዴ?»

«የራሱ ቃል ካልተጻፈለት ምኑን ሊያነብ ነው?»

«ስማኝ፣ መምህር። እኔ ለአውራጃ በችግር የቀረ ተማሪ የለም ብዬ ጽፌያለሁ። ነገ ከነገ ወዲያ ባለሥልጣን መጥቶ እዚህ ሲገባ ግድግዳህ ምን ሊለው ነው?»

ወንድሜ አላወረደውም። ያ ሰው ደግሞ አልረሳውም።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። ልጆቹ ካርቶኖቹን ወደየቦታቸው መልሰው ሳይጨርሱ ዳይሬክተሩ መጣ። ሰላምታ አልሰጠም። የእርዳታ ስንዴ እየመጣ መሆኑን፣ ማስቀመጫም እንደሚያስፈልግ ተናገረ። «ይህ ክፍል ሰፊ ነው። ደረቅ ነው። እስከ ጣራው ይሞላል።» እስከ ጣራው ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነበር። ገባኝ። ጆንያው ሲደረደር ካርቶኖቹን ይጋርዳቸዋል። ማውረድ አያስፈልግም። ስንዴ የጋረደውን ማን ይጠይቃል?

«ልጆቹስ?» አለ ወንድሜ።

«ውጭ። ዛፍ ስር። የጥንቱ ትምህርት የት ነበር?»

«ክረምት እየገባ ነው። ጥቂት ዝናብ ከዘነበ ይበተናሉ።»

«ይበተኑ። ስንዴ ይበልጣል ወይስ ፊደል?»

ይህን ጥያቄ በዚያ ዓመት ለሰው ማቅረብ ነውር ነው። መልሱ ስለሚታወቅ ነው ያቀረበው። ወንድሜ ግን «የእንግዳው ክፍል አለ» አለው። የእንግዳው ክፍል ከቢሮው ቀጥሎ ያለ፣ ሲሚንቶ የተነጠፈበት፣ ከአውራጃ ለሚመጣ ሰው ተብሎ አልጋ ተነጥፎለት በጓጉንቸር ተቆልፎ የሚኖር ነው። እኔ ከመጣሁ ማንም አድሮበት አላየሁም። ዳይሬክተሩ ያንን እንዳልሰማ ሰው ፊቱን አዙሮ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ወላጆች እንዲሰበሰቡም ዘበኛውን ላከ።

ወላጆች መጡ። መደቡ ላይ፣ መሬት ላይ፣ መስኮቱ ላይ ሞሉ። የራበው ሰው ስብሰባ አይወድም፤ ስንዴ የሚል ቃል ስለሰሙ ነው የመጡት። ዳይሬክተሩ ነገሩን አሳምሮ ነገራቸው። ወንድሜ ተነሳ።

«ስንዴውን የሚጠላ የለም» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ልጆቹ ማንበብ ካልቻሉ ክፍሉን ውሰዱት፤ እኔው ራሴ አጸዳላችኋለሁ። ካነበቡ ግን ትምህርት እስኪዘጋ አትንኩብኝ። በዚህ ዓመት ከክፍል የወጣ ልጅ ተመልሶ አይገባም።»

«ይሁና! እንያቸው» አለ ከኋላ አንድ ሰው። ጠላ ቤት ሲስቁ ከነበሩት አንዱ ነው።

ዳይሬክተሩ ፈገግ አለ። ብልህ ነኝ ብሎ ነው። ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጣና በገዛ እጁ ካርቶኖቹን ይነቅል፣ ይለዋውጥ ጀመር። «በር»ን መስኮቱ ላይ፣ «ሰሌዳ»ን በሩ ላይ። «አሁን ይታያል» አላቸው ለወላጆች፤ «በቃል የያዘና ያነበበ ይለያል።» ልጆቹ ሲገቡ አንድ አፍታ ቆሙ። ከዚያ ሳቁ። «ጋሼም እንዲህ ነው የሚያደርገው!» አሉና ተሻምተው ሁሉንም ወደየቦታው መለሱት። ዳይሬክተሩ እጁ ላይ የቀረውን እሾህ ይዞ ቆመ።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ግን አላበቃም። ዳይሬክተሩ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ አንስቶ ለአንድ ልጅ ሰጠው። ልጁ የመሪጌታው ልጅ ነው። መሪጌታው የደብሩ ዜማ አስተማሪ ናቸው፤ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ከፊት ተቀምጠዋል። ልጁ መጽሐፉን ተቀበለ። ዘቀዘቀው። ዘቅዝቆም አንድ ሙሉ ገጽ ሳይደናቀፍ አነበበ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«አያችሁ?» አለ ዳይሬክተሩ። «በቃሉ ነው!»

«አይደለም» አለ ወንድሜ። «እውነት እያነበበ ነው። መጻሕፍቱ ጥቂት ናቸው፤ በአንዱ ዙሪያ አራት ልጅ ይቀመጣል። እሱ ሁልጊዜ ማዶ ነው የሚቀመጠው። ፊደልን የሚያውቀው ተዘቅዝቆ ነው፤ ብታቃናለት ነው የሚቸገር። ግድግዳ ላይ የምጽፈውም ለዚህ ነው። በግድግዳ ማዶ የሚቀመጥ ልጅ የለም።»

ይህ ንግግሩ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በዚያን ሰዓት ግን ማንም ልብ አላለውም። መሪጌታው ተቆጥተው ተነሱ።

«ልጄን የገበያ መሳቂያ አደረግኸው፣ አንተ የአስኳላ ሰው! ንባብ ጉሮሮ አለው። እኔ የማስተምረው ልጅ ዳዊት ሲደግም ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ያንተዎቹ ከንፈራቸው እንኳ አይነቃነቅ። የማይሰማ ንባብ ምን ይባላል?»

«የኔታ፣ እርስዎ ራስዎ ይፈትኗቸው» አላቸው ወንድሜ። «ማንም ያልነገራቸውን፣ እኔም የማላውቀውን ይጻፉ።»

መሪጌታው ጠመኔውን ተቀበሉ። እጅ ጽሑፋቸው ያምራል፤ ይህን አልክድም። ሰሌዳው ላይ ጻፉና ዘወር አሉ። «መምህሩ እብድ ነው።»

ማንበብ የሚችለው ወላጅ ጥቂት ነው፤ ያነበበው ወደ ወንድሜ ዞረ። ወንድሜም አነበበ፤ ፊቱ አልተለወጠም። «አንቺ ተነሽ» አላት አንዲቷን ልጅ። የቆዳ ነጋዴው ልጅ ናት። አባቷ በሩ ጋ ቆመዋል። ልጅቱ ሰሌዳውን አየች። ከንፈሯ አልተነቃነቀም። ቀጥሎ ዓይኗ ፈጠጠ፤ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ምን ይላል?» አሉ መሪጌታው።

«አልልም።»

«ስለማታውቂው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ በይዋ!»

«ነውር ነው» አለች። «እርስዎ ለምን ጻፉት?»

ያን ጊዜ የመሪጌታው ልጅ አላስቻለውም፤ ከተቀመጠበት ዘሎ፣ «መምህሩ እብድ ነው ይላል! አባዬ ነው የጻፈው!» ብሎ ጮኸ። ከመጀመሪያው የባሰ ሳቅ ሆነ። መሪጌታው በነጠላቸው ጫፍ ሰሌዳውን ጠረጉና ተቀመጡ። የቆዳ ነጋዴው ከበሩ ጋ፣ «ወላሂ አነበበች! በሆዷ አነበበች!» አሉ። እንባቸው መጥቶ ነበር። ከዚያ ግን ወዲያው፣ «ኧረ በአላህ፣ ስንዴው የት ይግባ ታዲያ?» አሉ።

«የእንግዳው ክፍል» አለ ወንድሜ።

«እሱ የመንግሥት ነው» አለ ዳይሬክተሩ።

«ይሄኛውስ የማን ነው?»

ዳይሬክተሩ ዓይኑን በወላጆቹ ላይ አዞረ።  ቅድም እንዲያ ሲስቅ የነበረው ሁሉ ራሱን አቀረቀረ። የእርዳታውን ዝርዝር የሚጽፈው ዳይሬክተሩ ነዋ። «ስንዴው ሲመጣ ይታያል» አለና በተነን። ልጆቹ እንዳነበቡ ሁሉም አየ። አንድም ሰው «መምህሩ ቃሉን ጠብቋል፤ ክፍሉ የሱ ነው» አላለም። አንድም።

ቤት ስንገባ ወንድሜ ደስተኛ ነበር። ንፍሮ እየበላን ደጋግሞ ያቺን ልጅ ያነሳል። «'አልልም' አለች እኮ! ገባህ? ብቻዋን አነበበች፣ ለራሷ አነበበች፣ መናገር አለመናገሩን ደግሞ ራሷ ወሰነች። እኔ በመካከሉ የለሁበትም።»

«ሰዎቹ ግን ዝም አሉህ፣ ጋሼ» አልሁት።

«ተርበዋል።»

«አንተም ተርበሃል።»

ሳቀ። ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ጋቢውን ተከናነበ።

ተስቦ ነው አሉ። ከመንገደኞቹ ጋር የመጣ። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ጎረቤት ሁሉ ከደጃችን ራቀ። ቂጣ ያመጣ ሰው አጥሩ ላይ ያስቀምጥና ከሩቅ ይጠራኛል። መድኃኒት ፍለጋ ወደ መካነ ሰላም ሰው ላክሁ። እሱን እየገለበጥሁ፣ እያጠጣሁ ብቻዬን ነበርሁ። ፈሩ፤ እሺ ይፍሩ፤ እኔም ፈርቼ ነበር። በሽታን በመፍራት ሰውን አልከስም። አእምሮው ሲመለስ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ስንዴው መጣ?»

«አልመጣም።»

«ሲመጣ ልጆቹ ደጅ እንዳይወጡ።»

«አይወጡም» እለዋለሁ። ምን ልበለው? ልጆቹ በዚያ ሰሞን እየመጡ አስተማሪ የሌለው ክፍል ውስጥ ይቀመጡ እንደነበር ዘበኛው ነግሮኛል። የገባላቸው ሰው የለም።

የላክሁት ሰው ሳይመለስ ወንድሜ ሞተ።

ቀብሩ ላይ የነበረውን ሰው ብዛት ልናገር አልችልም። ከየት መጡ? ያ ሁሉ ሰው የት ነበር? ደረት ይመታሉ። ጠላ ቤት ስሙን ሲያነሱ የነበሩት ሙሾ እያወጡለት ነው፤ «የፊደል አባት» እያሉ። ቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ድንኳን ተከለ። እስላሙም ክርስቲያኑም ቀርቦ «ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥህ» ይለኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ። ሰብር አልፈልግም ነበር። አሁንም የምፈልገው አይመስለኝም። መሪጌታው ፍትሐቱን መርተው አለቀሱ። ምናልባት ከልባቸው ይሆናል። አላውቅም። እንዲያውቁልኝ የፈለግሁት የሞተውን ሰው በቁሙ ሳለ አለመደገፋቸውን ነበር፤ ግን በቀብር ላይ እንዲህ አይባልም።

ዳይሬክተሩ ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ ንግግር አደረገ። «እንዲህ ያለ መምህር አላየሁም» አለ። «በዝምታ ያስተምር ነበር» አለ። በዝምታ! የሰደበበትን ቃል አጥቦ ለሙገሳ አዋለው። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፤ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ፤ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ እንዲህ አለኝ።

«ወንድሜ፣ ስንዴው ነገ ይገባል። ዛሬ ልነግርህ አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ድንገት እንዳይሆንብህ። እነዚያን ወረቀቶች ከፈለግህ ለመታሰቢያ ንቀልና ውሰዳቸው። ለጆንያውም ጥሩ ነው፤ እሾህ አለው።»

አየሁት። ጢሙን ተላጭቷል። በለቅሶ ቀን።

«እሺ» አልሁት።  አንዳንድ ጊዜ እንደዚያ ነኝ፤ ነገሩ ሲበዛ አፌ ይያዛል። እሱም እሺ ማለቴን ፈቃድ አድርጎ ወሰደው፤ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ ተነሳ። ተቀምጬ አሰብሁ። ካርቶኖቹን ብነቅል ክፍሉን በእጄ ዘጋሁት ማለት ነው። ብተዋቸው ስንዴው ይዘጋቸዋል። ልጆቹ በሁለቱም መንገድ ደጅ ናቸው፤ በሳምንቱ ደግሞ የትም የሉም። ለወንድሜ አይወጡም ብዬዋለሁ። እሱ መስማት አለመስማቱን አላውቅም፤ ግን ብያለሁ።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጥ ነበረብኝ። ሰው ለማጽናናት ይመጣል። አልተቀመጥሁም። ነጠላዬን ጥዬ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። አህያ ነጂዎቹ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ጆንያ የተጫኑ አህዮች ግቢውን ሞልተውታል፤ ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ ናቸው፤ ጀርባቸው ተልጧል። ልጆቹም መጥተው በክፍላቸው በር ላይ ተሰብስበው ቆመዋል። ዳይሬክተሩ አልደረሰም።

«ቁልፍ ያለው ማነው?» አለኝ አንዱ ነጂ። «ከብቶቹ ሊወድቁብን ነው።»

«በዚህ በር ነው» አልሁና የእንግዳውን ክፍል አሳየሁት።

ከአጥሩ ስር ድንጋይ አነሳሁ። ጓጉንቸሩን መታሁት። አልተከፈተም። ደገምሁት። እጄ ደማ። ደጋግሜ ስመታ ማጠፊያው ከእንጨቱ ተነቅሎ ወደቀ። ክፍሉ የታፈነ ሽታ ነበረው። አልጋው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል፤ በላዩ ላይ ያልታጠፈ፣ ያልተነካ ብርድ ልብስ። ከራስጌው የንጉሡ ሥዕል።

ልጆቹን «ግቡ፤ ክፍላችሁ ግቡ» አልኋቸው። ጮኼባቸው ነው መሰለኝ፤ ሮጠው ገቡ።

የመጀመሪያውን ጆንያ ጀርባዬ ላይ ስቀበል ዳይሬክተሩ በግቢው በር ብቅ አለ። ሮጠ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው? አንተ! ይህ የመንግሥት ክፍል ነው! ሐዘንተኛ ነው ብዬ ባዝንልህ…»

ጆንያውን ጀርባዬ ላይ አመቻቸሁ። እሱ ወደ ነጂዎቹ ዞረ። «አቁሙ! ስንዴው የሚገባው እዚያኛው ክፍል ነው!»

ሽማግሌው ነጂ የአህያውን መጫኛ እየፈታ ቀና እንኳ አላለም። «ጌታዬ፣ እዚያኛው ልጅ አለበት። ይሄኛው ባዶ ነው፣ ሲሚንቶም ነው፣ ተከፍቷል። ለእኛ ይራገፍልን እንጂ የት እንደሆነ ምን ገዶን?» አለና ሁለተኛውን ጆንያ ጎትቶ መድረኩ ላይ ጣለው። ሌሎቹም ተከተሉት።

ጆንያውን ተሸክሜ ገባሁ። ከብዶኝ ነበር። መሬት ላይ ማስቀመጥ እችል ነበር። አልጋው ላይ፣ ነጩ አንሶላ ላይ ወረወርሁት። የአልጋው እግር ሲሰበር ሰማሁት። ሌላ ጆንያ ልቀበል ወጣሁ።